«እረኛዬ ነው» ማለት ለከበዳት እህት

የአንባቢ ደብዳቤ (አሳጥረነዋል)፦

«ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ዓመት ታሞ ነበር። ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ያላስጸለይኩት ሰው የለም። አልዳነም። ከቀብሩ በኋላ ጥቂት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ሰባኪው ‹በግ እየኮበለለ ሲያስቸግር እረኛው እግሩን ይሰብረዋል፤ እስኪድን ይሸከመዋል፤ ከዚያ በኋላ በጉ ከእረኛው አይለይም› አለ። አጠገቤ የተቀመጠች የማውቃት ሴት እጄን ጨበጥ አድርጋ ‹አየሽ፣ ሊያቀርብሽ ነው› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለስኩም። ‹እግዚአብሔር እረኛዬ ነው› ሲባል ስሰማ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ከጸሎት ቡድናችን ማንም ፈልጎኝ አልመጣም። አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ አልፎ አልፎ ‹ናፍቀሽኛል› ብለው ሜሴጅ ይልኩልኛል፤ እኔም አልመለስኩላቸውም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እውነት ይጠብቀናል? ከጠበቀ ወንድሜ ሲሰቃይ የት ነበር? እኔስ አሁን የጠፋሁት በግ ነኝ ማለት ነው? ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄ ማታ ልንጸልይ ስንል ‹እግዚአብሔር አጎቴን ለምን አልጠበቀውም?› አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። አንዳንድ ቀን ጠዋት መነሳቱ ራሱ ምን ያደርጋል እላለሁ።»

ውድ እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን ቃል ብዙ ሰው ብሎሽ እንደሰለቸሽ እገምታለሁ። የተሻለ ስላላገኘሁ እኔም እሱኑ አልኩ።

ወደ ሌላው ከመግባቴ በፊት መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽውን ነገር ላንሳ። «ጠዋት መነሳቱ ምን ያደርጋል» ብለሻል። ኀዘን ሰውን እንዲህ ያሰኛል፤ ቢሆንም በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ መኖርና አለመኖር እኩል ከሆነብሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሪ፤ ብቻሽን አትደሪ። ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ማነስ ነው የሚልሽ ካለ አትስሚው። የጠፋውን በግ ምሳሌ በወንጌሉ የጻፈልን ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።

አሁን ወደ ተሰበረው እግር እንምጣ።

ቁርጡን ልንገርሽ፤ ይህ ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ብታገላብጪ የበጉን እግር ሆን ብሎ የሚሰብር እረኛ አታገኚም። ከመድረክ መድረክ ሲዞር የኖረ ወሬ ነው። ጆሮ ስለሚይዝ ሰባኪ ይወደዋል፤ ሰሚም ሳያጣራ ተቀብሎት ይሄዳል።

ተጽፎ ያለው ተቃራኒው ነው። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34ን አንብቢ። እግዚአብሔር እዚያ የእስራኤልን እረኞች ይከሳል። ክሱ ምን መሰለሽ? የደከመውን አላጸናችሁም። የታመመውን አላከማችሁም። የተሰበረውን አልጠገናችሁም። የጠፋውን አልፈለጋችሁም። ይባስ ብላችሁ በኃይልና በጭቆና ገዛችኋቸው። ከዚያ በኋላ «እኔ ራሴ በጎቼን እፈልጋለሁ» ይላል፤ የተሰበረውንም እንደሚጠግን ይናገራል። እግር ሰባሪ እረኛ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ ከተከሳሾቹ ወገን ይቆም ነበር።

ሉቃስ 15 ላይ ያለውን ደግሞ ታውቂዋለሽ። መቶ በግ ያለው ሰው አንዱ ሲጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን በበረሃ ትቶ ፍለጋ ይወጣል። ሲያገኘው «ደስ ብሎት በጫንቃው ይሸከመዋል» ይላል። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ደስ ብሎት። ቁጣ የለ፣ ዱላ የለ፣ «ሁለተኛ ይለምድሃል» የለ። ቤት ሲደርስ ወዳጅና ጎረቤት ጠርቶ ደስ ይበላችሁ ይላል።

«ታዲያ ‹እግዚአብሔር እረኛዬ ነው› የሚለው መዝሙር ላይ በትር አለ አይደል?» ትይኝ ይሆናል። አለ። ግን ዳዊት በትርህና ምርኩዝህ ያጸናኑኛል ነው የሚለው። ዳዊት ደግሞ የሚናገረውን ያውቃል። ከመንጋው በግ የወሰደበትን አንበሳና ድብ ተከትሎ ከአፋቸው ያስጣለ ልጅ ነበር፤ ራሱ ለንጉሡ ለሳኦል ሲናገር በ1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ ታገኚዋለሽ። በትር ለአውሬ ነው። ለቆጠራም ነው፤ በኦሪቱ ዘመን በጎች አንድ በአንድ ከእረኛው በትር በታች እያለፉ ይቆጠሩ ነበር። ለማባረርና ለመቁጠር በተያዘ በትር የበግ እግር መስበር ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ደግሞ ሁሉንም ላልደብቅሽ። ጌታ የሚወደውን ይቀጣል የሚል ቃል አለ፤ ዕብራውያን 12 ላይ ነው። የሚናገረው ስለ አባትና ስለ ልጅ ነው። እውነት ነው፤ ሰው በመከራው ውስጥ ሆኖ ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ይህ አስተምሮኛል» ሊል ይችላል። እሱ የራሱ የባለ መከራው ንግግር ነው። ሌላ ሰው ግን በአንቺ ኀዘን ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው ለዚህ ነው» እንዲል ማንም አልፈቀደለትም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው በሞተ ጊዜ ኢየሱስ ምን አለ? ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ይመስላችኋልን? አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም «ማን በድሎ ነው?» ብለው ሲጠይቁት እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ወንድምሽም እኮ በግ ነው። እሱም በስሙ የሚታወቅ፣ እረኛው የሞተለት ሰው ነው። አንቺን ለማስተማር ተብሎ የእሱ ዕድሜ ተቀጨ ማለት ወንድምሽን የአንቺ መቅጫ ዱላ ማድረግ ነው። ለዘጠና ዘጠኙ ሲል አንዱን ያልተወ እረኛ ለአንቺ ሲል ወንድምሽን ዱላ ያደርገዋል? ሴትየዋ ክፉ አስባ ነው አልልም። ሰው ዝም ማለት ሲያቅተው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ግን ተሳስታለች። ይህን ነገር ከልብሽ አውጥተሽ ጣይው።

«ታዲያ የት ነበር?» ለሚለው ጥያቄሽ ምክንያቱን ልነግርሽ አልችልም። ወንድምሽ ለምን እንዳልዳነ የሚነግርሽ ሰው ከመጣ ሽሺው። መጽሐፉ ራሱ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደሚይዘው ግን ላሳይሽ።

«እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 23 ነው፤ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች አቆጣጠር 22። ከእሱ በፊት ያለውን መዝሙር አይተሽው ታውቂያለሽ? «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛ አንዱን ሸምድደን ሌላውን እናልፈዋለን። የኢየሱስ አንደበት መስቀል ላይ ያወጣው ግን ያለፍነውን ነው። «መልካም እረኛ እኔ ነኝ፤ መልካም እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ ያኖራል» ያለው ያው ሰው «ለምን ተውኸኝ» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ ያ ጥያቄ አፍሽ ላይ ስለመጣ ከእረኛው ርቄያለሁ ብለሽ አትፍሪ። እረኛው ራሱ ጠይቆታል።

መዝሙር 23ንም ቢሆን ረጋ ብለሽ አንብቢው። የለመለመ መስክ አለው፤ የሞት ጥላም አለው። ገበታው የተዘረጋው በጠላቶች ፊት ለፊት ነው። ክፉ ነገር አይነካኝም የሚል ቃል የለበትም። «ክፉን አልፈራም፤ አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ነው ያለው። እኛ መዝሙሩን ለሰርግም ለምርቃትም ስንለው ኖረን የደስታ ዜማ አስመሰልነው እንጂ በጨለማ የሚሄድ ሰው ቃል ነው።

አሁን ስለ ያዕቆብ ልንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ አይወራለትም። ያዕቆብ ሙያው እረኝነት ነው። በአማቱ በላባ ቤት ሃያ ዓመት አገልግሏል። ዘፍጥረት 31 ላይ ሥራውን ሲዘረዝር፣ ቀን ሐሩሩ ሌሊት ቁሩ ይበላኝ ነበር፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ፣ አውሬ የሰበረውን በግ አላመጣሁብህም፣ ዕዳውን እኔው ከፈልኩ ይላል። እረኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል እንግዲህ። ይኼው ሰው አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዞ፣ አልጋ ላይ ሆኖ የዮሴፍን ልጆች ሲባርክ፣ ከሕፃንነቴ እስከ ዛሬ ድረስ የመገበኝ፣ እንደ እረኛ የመራኝ አምላክ እያለ ይጠራዋል። ዘፍጥረት 48 ቁጥር 15። ደስ የሚል ቃል ነው። ግን ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ብለሽ ቁጥር 7ን እዪ። በዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ጨዋታ መካከል፣ ሚስቴ ራሔል በመንገድ ሳለን ሞተችብኝ፣ በመንገድ ቀበርኳት ይላል። ማንም አልጠየቀውም። እሱ ነው ያነሳው። ከዓመታት በኋላም አልወጣለትም ማለት ነው። ዮሴፍንም ሞቷል ብሎ ስንት ዘመን አልቅሶለታል።

ታዲያ ሁለቱን ነገር ባንድ አልጋ ላይ፣ ባንድ አፍ ተናገረ። «መግቦኛል» አለ። «ራሔል ሞታብኛለች» አለ። አንዱን ለማለት ሌላውን አልዋጠም። አንቺም አንዱን መርጠሽ ሌላውን እንድትክጂ የሚያስገድድሽ የለም። ዛሬ ሁለተኛውን ብቻ ማለት ከቻልሽ እሱንም በዪ። ያዕቆብም የጀመረው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልበል። እግዚአብሔርን «እረኛ» ብሎ መጥራት ኃላፊነቱን እሱ ላይ መጣል ነው። እስራኤላውያን ይህን ስም ለምስጋና ብቻ አልተጠቀሙበትም፤ ለአቤቱታም ይዘውት ይቀርቡ ነበር። መዝሙር 80 «የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ አድምጥ» ብሎ ይጀምርና፣ እስከ መቼ ትቆጣለህ፣ የእንባ እንጀራ አበላኸን እያለ ይቀጥላል። መዝሙር 74 በማሰማሪያህ በጎች ላይ ቁጣህ ስለ ምን ጨሰ ይላል። መዝሙር 44 ይባስ ብሎ፣ እንደሚታረዱ በጎች ሆነናል፣ ንቃ፣ ለምን ትተኛለህ ይለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ዛሬ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ቢጸልይ ስንቱ ሰው ይደነግጥ ነበር! ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው ያለው፤ የጸሎት መጽሐፉ ውስጥ። ጳውሎስም «እንደሚታረዱ በጎች» የምትለዋን ሐረግ ሮሜ 8 ላይ ይጠቅሳታል። የት መሰለሽ? ከእግዚአብሔር ፍቅር የሚለየን ማንም የለም በሚልበት ቦታ ላይ። በጎች አይታረዱም አላለም።

ስለዚህ መጸለይ ካቃተሽ እነዚህን ሦስት መዝሙሮች ውሰጂ። ድምፅ አውጥተሽ አንብቢያቸው። የራስሽ ቃል እስኪመጣልሽ በእነሱ ቃል ተሟገቺው። ሕፃን ልጅ እናቱን ደረቷን እየደበደበ የሚያለቅሰው እቅፏ ውስጥ ሆኖ ነው፤ የአንቺንም ቁጣ እንደዚያ ነው የማየው።

«እኔ የጠፋሁት በግ ነኝ?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው። ብትሆኚም በምሳሌው ውስጥ በጉ የሚጠበቅበት ምንም ሥራ የለም። ፍለጋው የእረኛው ነው። መዝሙር 119 ስለ ሕግና ትእዛዝ 175 ቁጥር ሙሉ ከዘመረ በኋላ የመጨረሻዋ፣ 176ኛዋ ቁጥር ምን ትላለች? «እንደ ጠፋ በግ ተቅበዘበዝሁ፤ ባሪያህን ፈልገው።» ያን ሁሉ የጸለየ ሰው መጨረሻ ላይ «ፈልገኝ» ነው ያለው። አንቺም ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ይዘሽ መተኛት ትችያለሽ።

የጸሎት ቡድኑን በተመለከተ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የጠፋው በግ ምሳሌ ማቴዎስ 18 ላይም አለ። እዚያ የተነገረው ለደቀ መዛሙርት ነው፤ ማለትም ወጥተው መፈለግ ለሚገባቸው። ወንድሟን የቀበረች እህት ከመካከላቸው ስትጠፋ «ወዴት ናት?» ሳይሉ የቀሩ ሰዎች ያጎደሉት ራሳቸው ናቸው። ምናልባት ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ነው፤ ብዙ ሰው ኀዘንተኛ ይፈራል። ይገባኛል፤ ግን ሰበብ አይሆንም። ሕዝቅኤልም ክሱን እረኞቹ ላይ ብቻ አላቆመም። እዚያው ምዕራፍ ላይ የሰቡት በጎች የደከሙትን በጎንና በትከሻ እየገፉ ወደ ውጭ እንዳወጧቸው ይናገራል፤ እግዚአብሔርም በበግና በበግ መካከል እፈርዳለሁ ይላል።

የእነሱን ዝምታ ግን የእሱ ዝምታ አታድርጊው። ዮሐንስ 10ን፣ የመልካሙን እረኛ ንግግር፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከእሱ በፊት የሆነውን ግን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ምዕራፍ 9 ላይ ያ ዕውር ሆኖ ተወልዶ የተፈወሰው ሰው በሃይማኖት አለቆች ተሰድቦ ወደ ውጭ ተጣለ። ኢየሱስ እንዳወጡት ሰማ፤ ሄዶም አገኘው። ስለ በጎቹ፣ ስለ ሌባውና ስለ ሞያተኛው (ስለ ቅጥረኛው) ማውራት የጀመረው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ንግግሩ የተነሳው ከጉባኤ በተባረረ አንድ ሰው ጉዳይ ነው ማለት ነው።

መመለሱን አትቸኩይበት። ኢሳይያስ 40 እግዚአብሔር ጠቦቶቹን በክንዱ ሰብስቦ ይሸከማል፣ የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል ይላል። መንጋው የሚሄደው በደካማው አቅም ልክ ነው። ሰው የማይበዛበት ቀን መርጠሽ ኋላ ተቀመጪ። ከከበደሽ ተነሥተሽ ውጪ። የሚዘመረውን መዘመር ካልቻልሽ ዝም በዪ። ደግሞ ያንን ስብከት እንደገና የምትሰሚበት ቦታ ከሆነ ሌላ ቦታ መሞከርም ኃጢአት አይደለም። አቅም ስታገኚ ለካህኑ ወይም ለፓስተሩ «ያ ታሪክ ጎድቶኛል፤ መጽሐፉም ውስጥ አላገኘሁትም» ብለሽ ንገሪ። አንቺን የጎዳ ነገር ሌላ ኀዘንተኛም ሊጎዳ ይችላል።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ጥያቄዋ ከአንቺ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የማታምኚበትን መልስ አትስጫት። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» አትበያት፤ ነገ እናቴንስ ይወዳታል ይሆን ብላ ትፈራለች። «ተኝቷል» አትበያት፤ መተኛት ትፈራለች። «አጎትሽ በጣም ታሞ ሞተ። እግዚአብሔር ለምን እንዳላዳነው እኔም አላውቅም። እኔም እሱኑ እጠይቀዋለሁ። አጎትሽን ግን ይወደዋል፤ አሁንም አልተወውም። ከፈለግሽ አብረን እንጠይቀው» በያት። ነገም ደግማ ትጠይቅሻለች። ሳትሰለቺ ያንኑ መልሽላት። ስታለቅሺ ብታይሽም ምንም አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ በግማሽ መስመር ብቻ ያለፍሻቸው ሴት አሉ። «ማንም አልፈለገኝም» ካልሽ በኋላ ነው የጠቀስሻቸው። ጥቅስ አልላኩልሽም፣ አልገሠጹሽም፣ ለምን ቀረሽ አላሉሽም። ናፍቀሽኛል ብቻ አሉ። መልስ ሳያገኙ ደግመው ላኩ። ኢየሱስ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሲጠይቀው ከየመልሱ በኋላ በጎቼን ጠብቅ፣ አሰማራ ነበር ያለው። የእግዚአብሔር ጥበቃ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰን በሰው እጅ ነው። ምናልባት እኚህ ሴት የተባሉትን እያደረጉ ይሆናል።

እንዴት እንደምትጀምሪ ከጨነቀሽ ይህን ገልብጠሽ ላኪላቸው፦ «እናቴ፣ ሜሴጅዎ ሁሉ ደርሶኛል። መመለስ አቅቶኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ገና ነኝ፤ እርስዎን ግን ማየት እፈልጋለሁ። ስለ ወንድሜ ላወራዎት ነው፤ ምክር አይስጡኝ፣ ብቻ ይስሙኝ።»